ዝም ያለ ፊት

አንድ ሰፊ እጅ መጥቶ የእታለምን እጅ ጨበጠ፤ ትንሽ ቆይቶ ለቀቃትና ሄደ። ቃል አልተናገረም።

"ማን ነበር?" አለች ወደ ጎኗ ዘንበል ብላ።

"ማን ነበር ትያለሽ እንዴ?" አሉ አክስቷ። "ፊት ለፊትሽ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንባውን እየጠረገ! የጥርስ ሐኪሙ ነዋ፤ የወንድምሽ አብሮ አደግ።"

 የጥርስ ሐኪሙ አንዲት ቃል ተንፍሶ ቢሆን ከመቶ ሰው መሀል ትለየው ነበር። እቤታቸው እየመጣ ከወንድሟ ጋር ሲራገጥ ያደገ ልጅ ነው፤ አንገቱን አቅፋ አብራው ታለቅስ ነበር። እሱ ግን እንደ ማንኛውም ዓይናማ ቆጥሯት፣ በዝምታ አጽናንቷት ሄደ።

ይሄ ዓይኗ ከበራ ወዲህ የመጣ ጣጣ ነው። ዓይነ ስውር ሳለች ማንም ወደ እሷ ሲቀርብ "እኔ ነኝ፣ እገሌ ነኝ" ይል ነበር። አሁን "እታለም ታያለች" መባሉን ሰፈሩ ሁሉ ስላወቀ፣ ሰው ራሱን ይነቀንቅላታል፣ ፈገግ ይልላታል፣ በዓይኑ ያናግራታል። እሷም ማን መሆኑን ሳታውቅ ራሷን መልሳ ትነቀንቃለች።

ከቤተሰቡ "እኔ ነኝ" ማለት ያልተወ ወንድሟ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ይኸው ሞተ። በሚሠራበት የምርምር ተቋም ደረጃ ሲወጣ ልቡ ቀጥ አለችና እዚያው ወደቀ፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይለዋል። ለእሷ ግን ፂሙ ሸብቶም ጩጬ ነበር። "እታለም" ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ ገና አፉን ሲፈታ፤ ከእሱ ሰምቶ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ጠራት።

የተቀመጠችው እሱ ቤት፣ እሱ ሳሎን ውስጥ ነው። ሶፋዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው ከጎረቤት የተዋሷቸው ወንበሮች ተደርድረዋል። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ ወይ ቡና ከፔርሙዝ ይቀዳለታል፤ ጥቂት ስለ ሟቹ፣ ጥቂት ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፤ ከዚያ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ይነሣል።

ከበሩ አጠገብ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

"አላየችውም አሉ።"

"ምኑን?"

"ፊቱን ነዋ። ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ቤተሰቡ እየገባ ሲሰናበተው፣ እሷ ኮሪደር ላይ ቆማ ቀረች። እምቢ አሻፈረኝ አለች።"

"አትዪኝ! ያንን ዓይን ማን ሰጣትና?"

"እኮ! እኔም የገረመኝ እሱ ነው።"

የቀረው ሰው አልሰማቸውም። እታለም ግን የሆስፒታል ስልክ ቤት ውስጥ በኦፕሬተርነት ያረጀች ናት፤ ሹክሹክታ ለእሷ ቀስ ተብሎ የተነገረ ወሬ እንጂ የተደበቀ ወሬ አይደለም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። ሰው አያለሁ ብሎ ሲዋሽ ወዴት እንደሚያይ የምታውቅ ይመስል።

"ሻይ ይጨመርልዎት፣ እትዬ?"

ይህ የወንድሟ ሚስት ድምፅ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ እታለም "ሙሽሪት" እያለች ጠርታት፣ ዓመታት አልፈውም ስሙ አልለቀቃትም። ቁጥብ ሴት ናት፤ ቃሏ ሁሉ የተመጠነ። "እትዬ" የምትለዋ ቃል ድሮ ለስለስ ያለች ነበረች። ከቀብሩ ጠዋት ወዲህ ግን በርዳለች። ያን ዕለት ክንዷን ይዛ "ይምጡ፣ ይሰናበቱት" ስትላት፣ እታለም ክንዷን መንጭቃ "አልገባም! ተዪኝ!" ብላ ነበር፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"ይበቃኛል፣ ሙሽሪት።"

ኩባያው ተነሣ። የሙሽሪት ጫማ ወደሚቀጥለው እንግዳ ሄደ።

*

ጩጬ ሲወለድ እታለም አሥር ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም ነበር። እናታቸው የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ስለነበረች ሕፃኑን አዝላ፣ አጥባ፣ መግባ ያሳደገችው እሷ ናት። ዓይኖቿ ላይ ከማህፀን ጀምሮ ሞራ ነበረባቸው፤ በጊዜው የሚገፍፍላት ሐኪም ስላልተገኘ እንደዚያው አደገች። ብርሃንና ጨለማን ከመለየት አታልፍም ነበር።

ልጁ ግን ይሄን አያውቅም። አንዳንዱ ሰው ግራኝ እንደሚሆነው ሁሉ፣ እናቱ በዓይኗ፣ እህቱ በእጇ የምታይ ይመስለው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጣ።

"ይሄ አንቺ ነሽ" አላት።

"የታለሁ?"

ጣቷን ወስዶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው። ወረቀቱ ልሙጥ ነው።

"የለሁም'ኮ" አለችው ሳቅ ብላ።

  ልጁ ሮጦ ሄዶ ወረቀቱን የታጠፈ ፎጣ ላይ አድርጎ፣ በእስክሪብቶ እየተጫነ፣ ትንፋሹ ቁና ቁና እያለ ደግሞ ሣለው። ገልብጦ ጀርባውን ሰጣት። መስመሮቹ በጀርባ በኩል ጎላ ጎላ ብለው ወጥተዋል።

"አሁንስ?"

"አሁን አለሁ። ምነው ጭንቅላቴ ይሄን አከለ?"

"ጭንቅላትሽ አይደለም! ፀጉርሽ ነው!"

ካደገም በኋላ ያው ነው። ሕክምና ተማረ፤ ከዚያ ሌሎቹ ክሊኒክ ሲከፍቱ እሱ አንጎል እንዴት እንደሚያይ አጠናለሁ ብሎ ላቦራቶሪ ገባ። ከሥራ ቦታው ይደውልላታል፤ እሷ ስልክ ቤት ተቀምጣ በሁለት ጥሪ መሀል ታዳምጠዋለች።

"ሰው የሚያየው በዓይኑ አይደለም፣ እታለም።"

"ታዲያ በምኑ ነው? በጉልበቱ?"

"በአንጎሉ ነው። ዓይን በር ናት። ብርሃኑ በበሩ ይገባል፤ ማን እንደገባ የሚለየው ግን እውስጥ ያለው ነው።"

"እንደኛ ስልክ ቤት በለኛ። የሚደውለው ሌላ፣ የምታገናኘው እታለም።"

"ልክ እንደሱ!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "ግን በሩ አርባ ዓመት ተዘግቶ ቢኖርና ዛሬ ቢከፈት፣ እውስጥ ያለው ሰው ሥራውን ያውቃል?"

እሷ ወዲያው ገባት። ስለ ማን እንደሚያወራ።

"ይጠቅመኛል?" አለችው።

"አላውቅም። አልዋሽሽም።"

እሷ በጨለማዋ ተደላድላ የምትኖር ሴት ነበረች፤ ሥራ አላት፣ ቤት አላት፣ መንገዱን በዱላዋ ታውቀዋለች። ግን ድምፁ ውስጥ ያለውን ጉጉት ሰምታ እምቢ ማለት አልሆነላትም። ወረቀቱን በጀርባ በኩል የሰጣት ልጅ ነበር የጠየቃት።

ሞራው ተገፍፎ ፋሻው የተፈታ ዕለት ክፍሉ ሙሉ ነበር። የዓይን ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ አክስቷ፣ ሙሽሪት፣ እሱ።  ብርሃኑ እንደ ጥፊ መታት። ከዚያ ቀለም መጣ፤ እዚህም እዚያም የፈሰሰ፣ መጀመሪያና መጨረሻው የማይታወቅ። አንደኛው ቀለም "እታለም" አላት።

"የቱ ነህ አንተ?" አለች።

ሁሉም ሳቀ። እሱ አልሳቀም። አክስቷ ሲያለቅሱ ሰማች፤ ሐኪሙ እጇን ይዞ "አየሽ?" ሲላት ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሰው ይሄን ያህል ደክሞላት፣ ይሄን ያህል ጓጉቶላት፣ ምን ትበለው?

"አየሁ!" አለች። "ተመስገን፣ አየሁ!"

ጩጬ ወደ ቤት ሲወስዳት መኪና ውስጥ "እንግዲህ በስተርጅና ዓይን አውጣ ሆንሽ" ብሎ ቀለደባት። እሷም ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን "አየሁ" የምትለዋ ቃል ግዴታ ሆነችባት። ለአክስቷ ቀሚስ "አየሁ፣ ያምራል"፤ ለጎረቤት ሕፃን "አየሁ፣ አባቱን ነው የሚመስለው"።

*

ከሰዓት በኋላ የጩጬ የሥራ ባልደረባ ለቅሶ ቤቱ መጣ። ገና በሩ ላይ ቆሞ "እታለም፣ እኔ ነኝ፤ ረዥሙ" አለ። ጩጬ ነው እንደዚያ ይጠራው የነበረው። እታለም ከዚያን ቀን ጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ።

"ና ልጄ፣ ጎንበስ በል። አንተን ለመሳም መሰላል ያስፈልጋል።"

አጠገቧ ተቀመጠ። ሙሽሪት ቡና ሰጠችው። ኩባያውን ይዞ ብዙ ጊዜ ሳይጠጣ ቆየ።

"ቢሮውን አልነካነውም" አለ በመጨረሻ። "መነጽሩ እንኳ እንደተቀመጠ ነው። ማንም ሊገባ አልደፈረም።" ከዚያ ወደ ሙሽሪት ዞሮ፣ "የርግቧ ጥናት አምና መጠናቀቁን ነግሮሻል አይደል? አሁን እኮ ሞራ የተገፈፈላቸው ልጆች ጋ ስንሄድ መጀመሪያ የምናሳያቸው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ቆሞ ያለ ነገር በኋላ ነው። ልጆቹ ቶሎ ይይዙታል። እሱ ነው እንደዚያ ይሁን ያለው።"

"የምን ርግብ?" አለች ሙሽሪት።

ረዥሙ ወደ እታለም ዞረ። እታለም ጣቶቿን ጠበቅ አድርጋ ቆለፈች። እሱም ገባው መሰል፣ ቡናውን ባንድ ትንፋሽ ጨልጦ ስለ ቀብሩ ንግግር ማውራት ጀመረ።

*

ላቦራቶሪው ጠባብ፣ ደብዘዝ ያለ ክፍል ነበር። አገጭ ማስደገፊያ ያለው ወንበር፣ ከፊቱ ስክሪን። ጩጬ ጠረጴዛ ላይ ኳስና ካርቶን ያስቀምጥላታል። በእጇ ስትነካቸው ሕፃን እንኳን የማይስታቸው ናቸው። እጇን ሰብስባ በዓይኗ ብቻ "የቱ ነው ኳሱ?" ስትባል ግን ይጠፋባታል። መሬት ላይ ያረፈ ጥላ ጉድጓድ መስሏት ትዘለዋለች። ፎቶግራፍ ስታይ የተንጠባጠበ ቀለም ነው። እራሷን እስኪያማት ትፈጥጣለች።

አንድ ቀን እንደዚያ ስትለፋ ውላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ በሩ ገርበብ እንዳለ ድምፁን ሰማች። ለረዥሙ ነበር የሚናገረው።

"ዛሬም አልለየችም! ኧረ ድንቅ ነው! ልክ እንዳሰብነው!"

ያንን የደስታ ድምፅ ታውቀዋለች። ፈተና ባለፈ ቁጥር እየሮጠ መጥቶ የሚያሰማት ድምፅ ነው። ሲወጣ ዱላዋን ይዛ ቆማ ጠበቀችው።

"ጩጬ፣ እኔ በወደቅኩ ቁጥር አንተ ታልፋለህ ማለት ነው?"

 መልሱን ሳትጠብቅ ሄደች። ከዚያ ለወራት ላቦራቶሪው አልረገጠችም። ስልክ ቤት ሲደውል ድምፁን ስትሰማ ለባልደረባዋ ታስተላልፈዋለች። ለአክስቷ "ሥራ በዝቶበት ነው" አለቻቸው። ጥናቱን ከእሷ ውጭ መጨረስ እንደማይችል ታውቅ ነበር፤ ይሄም ደስ ይላት ነበር፣ ያሳዝናትም ነበር።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ቤቷ መጣ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው።

"እኔ ነኝ" አለ በሩ ላይ።

አስገባችው። ኳስ አልያዘም፣ ካርቶን አልያዘም። ድንች እየላጠች ነበርና ቢላ አንሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ደስ ብሎኝ ነበር፣ እታለም። አልዋሽሽም። ግን አፈርኩ።"

"በል ዝም ብለህ ላጥ" አለችው።

ላጠ። በየእሑዱ እየመጣ ይልጥ ጀመር። ስለ ጥናቱ አንድም ቃል አላነሣም። ታዲያ አንድ ቀን መስኮቱ ጋ ቁጭ ብለው ሳለ እሷ ብድግ አለች።

"ጩጬ! ከማዶ ጣሪያው ተቆርጦ በረረ!"

"ምን?"

"ቁራጭ! ከጣሪያው ላይ ተነሥቶ ሄደ!"

"ርግብ ናት'ኮ" አለ እየሳቀ።

"ከመብረሯ በፊት የት ነበረች?"

"እዚያው ጣሪያው ላይ ነበረቻ።"

"ለኔ አልነበረችም" አለች። "ስትነሣ ነው የመጣችው።"

ቢላው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰማች።  ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደሚፈራ ሰው፣ "ደግመሽ ንገሪኝ እስቲ፤ ከፈለግሽ ብቻ" አላት። ነገረችው። የቆመ ነገር ሁሉ እርስ በርሱ የተጣበቀ መሆኑን፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ግን ከሌላው ተላቆ ራሱን ችሎ እንደሚወጣ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የሰው ፊት፣ ዝም ካለ የለም። "ይሄን ለማንም እንዳትናገር" አለችው። "ለሚስትህም። አየች ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ አታፍርሰው።" ከዚህ ተነሥቶ የርግቧ ጥናት ያለውን አዲስ ጥናት ሞራ ከተገፈፈላቸው ሌሎች ሰዎች ጋር ሠራው፤ የእሷን ነገር ግን እንደያዘ ቀረ።

እሑድ እሑድ መስኮቱ ጋ ቆማ መንገዱን ታይ ጀመር። ከሚተራመሰው ሰው መሀል አንድ አካሄድ ለየች፤ ረዘም ያለ እርምጃ፣ በተራመደ ቁጥር ዝቅ የሚል ቀኝ ትከሻ። ድምፁን ሳትሰማ፣ ዳሳ ሳትነካው፣ በዓይኗ ብቻ ያወቀችው የመጀመሪያው ሰው።

"ጩጬ!" ብላ ጮኸች ከላይ።

ደንግጦ ቆመ። ሲቆም ጠፋባት።

"ተራመድ! አትቁም! ተራመድ!"

ገባው። መንገዱ ዳር ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ። አላፊ አግዳሚው ዞሮ እያየው፣ ትልቅ ሰውዬ፣ ሻንጣ ይዞ፣ ከሕንፃው ሥር እየተመላለሰ ይስቃል። ሳቁ መሀል ላይ ሲሰበር ሰማችው። እሷም መስኮቱን ይዛ አለቀሰች።

*

አመሻሽ ላይ እንግዳው ሳሳ። አክስቷ ጋደም ልበል ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ደጅ ወንበር ሲደራረብ ይሰማል። ሙሽሪት የቀሩትን ኩባያዎች ትሪ ላይ ትሰበስባለች። ሁሉንም ሰብስባ ስትጨርስ ግን ወደ ማድቤት አልሄደችም። እታለም ፊት ለፊት ቆመች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።"

"ጠይቂኝ።"

"ለምን አላዩትም?" ድምጿ ተስተካክሎ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ተንሸራተተ። "ሰው የሚለው አይደለም የጨነቀኝ። እሱ ከማንም በላይ እርስዎን ነበር የሚወደው። እኔ እቀናብዎት ነበር፣ እውነቴን ነው። ግንባሩን ሳይስሙት፣ እንዲያው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት..."



"ብገባ አላገኘውም ነበር፣ ሙሽሪት።"

"እንዴት?"

"አላይም እኮ። እናንተ እንደምታዩት አላይም። የማይንቀሳቀስ ነገር አይለይልኝም። አሁን አንቺ ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ መጋረጃውና አንቺ አንድ ናችሁ። ፊት የሚባል ነገር ለኔ ዝም ሲል ይጠፋል። ድምፅ ካልሰማሁ፣ ወይ ካልተራመደ፣ ማንንም አላውቅም።"

ትሪው ላይ ያሉት ኩባያዎች ተንኳኩ።

"እሱ... ያውቅ ነበር?"

"ከቤተሰብ እሱ ብቻ። እንዳትናገር ብዬ አምዬው ነው፤ አትቀየሚው። ያን ጠዋት በሩ ጋ ስትወስጂኝ በሐሳቤ ታየኝ። ነጭ ጨርቅ፣ ነጭ ፊት፣ ዝም ያለ። እናንተ ሁላችሁ እያያችሁኝ፣ እኔ ሳጥን ላይ ጎንበስ ብዬ ወንድሜን ስፈልገው። የቱ ጋ ነው ብዬ ልጠይቅ? አንዴ ሞቶብኛል። እፊቱ ቆሜ ደግሜ ልጣው?"



"ሲራመድ አየዋለሁ" አለች እታለም። "ዓይኔ ውስጥ ያለው ሲራመድ ነው። እሱን ይዤ ልቅር ብዬ ነው።"

ደጅ የሚደራረበው ወንበር አለቀ።  ከዚያ እታለም፣ ነገሩን አንዴ ከጀመረችው ልትጨርሰው ፈልጋ፣ "እኔም ታዝቤሽ ነበር" አለች።

"ምን አጠፋሁ?"

"አንድ ቀን እንኳን ስታለቅሺ አልሰማሁሽም። ሻይ ትቀጃለሽ፣ እንግዳ ትሸኛለሽ፣ ወንበር ትቆጥሪያለሽ። ይቺ ሴት ልቧ ድንጋይ ነው እንዴ አልኩ። ተይ ይቅር በይኝ፣ እንዲያው ነው ያልኩት።"

ሙሽሪት ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። እታለም ልብሷ ሲንኮሻኮሽ፣ ጉልበቷ ምንጣፉን ሲነካ ሰማች። ቀዝቃዛ ጣቶች እጇን ከጭኗ ላይ አነሡት፤ ወደ ላይ ወሰዱትና ጉንጭ ላይ አሳረፉት።

ጉንጩ እርጥብ ነው። ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ፣ እስከ አንገቷ ድረስ፣ የቀሚሷ አንገትጌ ጭምር ርሷል። እንባው አንዲት ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

እታለም በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ወዲያው ሌላ መጣ። እሱንም ጠረገችው።